ነጩ ዱቄት አስፕሪን ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ሰበታ ነው። ላብ ውስጥ ከሳሊሲሊክ አሲድና ከአሴቲክ አንሃይድራይድ አስፕሪን ሠራን። የእኔ ነጭ ዱቄት ሆኖ ወጣ። ግን በ122 ዲግሪ መቅለጥ ጀምሮ በ129 ነው የጨረሰው። ጓደኞቼ «ተበላሽቶብሻል፣ ድፊው» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንዳትደፊው ልጄ! ንጹሕ አስፕሪን በ135 ዲግሪ ገደማ ቶሎ ቅልጥ ይላል። ያንቺ ዝቅ ብሎ መጀመሩና ሰባት ዲግሪ መጎተቱ ባዕድ ነገር እንዳለበት ነው የሚናገረው። አስፕሪን የለበትም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ርካሹን ሙከራ ሞክሪ። ነጭ ሸክላ ላይ ቁንጥር ዱቄት አድርጊ፤ ጠብታ አልኮል፣ ከዚያ ጠብታ ፌሪክ ክሎራይድ። ዓይንሽን ጠጋ አድርጊ። ሐምራዊ ቀለም ከፍሬው ጠርዝ እንደ ክር እየተሳበ ከወጣ ሳሊሲሊክ አሲድ ቀርቶበታል። የፌሪክ ክሎራይዱን ብረት ይዞ ቀለሙን የሚያወጣው በሳሊሲሊክ አሲዱ የካርቦን ቀለበት ላይ በቀጥታ የተቀመጠው ኦኤች (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) ነው። አስፕሪን ላይ ያ ኦኤች ከአሴቲክ አንሃይድራይዱ በመጣው አሴቲል በሚባል ቁራጭ ተሸፍኗል። ስድስት ካርቦን ያለው ቀለበት ግን በሁለቱም ያው ነው፣ ምንም አልተነካም። ስለዚህ የምትፈትሺው ቀለበቱ ላይ የተንጠለጠለውን ነው።

ከዚያ አጥሪው። በጥቂት ሙቅ አልኮል አሟሚው፣ ሞቅ ያለ ውሃ ጨምሪበት፣ ሳትነካኪው ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ውሃ ውስጥ ግን እንዳታፈዪው፤ አስፕሪኑ ተመልሶ ይፈርሳል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተሽ እየፈረሰ ነው፣ ወይም ከሥራው የቀረ አሴቲክ አሲድ አለበት።

ሞለኪውሉ የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ በሚያሳየው በኢንፍራሬድ መሣሪያ ላይ ሁለት ካርቦኒል (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ የተያያዙበት) ፈልጊ፦ በመሣሪያው መስመር ቁጥር አንዱ 1750 አካባቢ፣ ሌላው 1690 አካባቢ። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም 1660 አካባቢ።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ በክረምት የጨው ዕቃችን እንኳ ውሃ ያወጣል። ለኢንፍራሬዱ ናሙናው ተቀላቅሎ የሚጨመቅበት ፖታሲየም ብሮማይድም ጨው ነው። አንድ ክረምት ላብ ውስጥ ሳላደርቀው ናሙናዬን ቀላቅዬበት ተጫንኩት። 3400 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ወጣ። «ኦኤች ነው፣ ሳሊሲሊኩ አልሄደም» ብዬ ሥራውን እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ሳምንት ሙሉ ደከምኩ። ጉብታው ግን የውሃ ነበር። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። አንቺ ዱቄቱንም ጨውንም በደንብ አድርቂ።

ሃይድሮጅኖቹን እንደየቦታቸው ለይቶ የሚያሳየውን ኤን ኤም አር የሚባል መሣሪያ ካገኘሽ ደግሞ ነገሩ ይለይልሻል። በመሣሪያው መስመር 2.3 አካባቢ ያለው ነጠላ ፒክ (ጫፍ) የአሴቲሉ ሦስት ሃይድሮጅን ነው። ከ7 እስከ 8.2 የሚዘረጉት የቀለበቱ አራት ናቸው። ከፒኮቹ ሥር ያለውን ቦታ (ኢንተግራሉን) ለኪ፤ 3 ለ4 ከመጣ ጥሩ ነው። የአሴቲሉን ፒክ 3 ብለሽ ቀለበቱ 5 ከመጣ፣ ከአምስት ሞለኪውል አንዱ ገና ሳሊሲሊክ አሲድ ነው ማለት ነው፤ እሱም ቀለበቱ ላይ አራት ሃይድሮጅን ይዟልና። 2.1 ላይ ትንሽ ፒክ ካየሽ አትደንግጪ፣ የአሴቲክ አሲድ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ አጥበሽ እንደገና አድርቂው።

ጓደኞችሽም ያልደፉት ካላቸው ያምጡትና ያንቺ ጎን አስቀምጣችሁ ፌሪክ ክሎራይዱን አብራችሁ ጠብ አድርጉበት።