ፋን መቀየር ሲቪ ላይ ይጻፋል ወይ?

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶኛል። ለልምምድ ያመለከትኩበት የሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ክፍል ለሙከራ አንድ የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር (አምፕ) ሰጥቶኛል። ብልሽቱ የሚያቀዘቅዘው ፋን መጮሁ ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እውነት ይህ ችሎታ ያሳያል? በጣም ጸጥ ያለውን ፋን ፈልጌ ብገጥምስ? ሲቪዬ ላይስ ምን ብዬ ልጻፈው?

መልስ፦ እህታችን፣ ሲቪ ላይ ይጻፋል። «ፋን ቀየርኩ» ተብሎ ግን አይደለም። አራት ብሎን ፈትቶ መልሶ ማሰርማ የአምፑ ባለቤትም አያቅተውም። ይህን ሥራ የሰጡሽ ሰዎች የሚያዩት ሌላ ነው፦ ከመፍታትሽ በፊት ምን ለካሽ? ከገጠምሽ በኋላስ አምፑ ከበፊቱ ይበልጥ እንደማይግል በምን አረጋገጥሽ? ቅሬታው የድምፅ ሆኖ ይምጣ እንጂ ሥራው የሙቀት ነው። ስለዚህ ሲቪውን ለጊዜው እናቆየውና ጠረጴዛው ላይ ካለው አምፕ እንጀምር።

መጀመሪያ የሚጮኸው በእርግጥ ፋኑ መሆኑን ለዪ። አምፑን ከስፒከር ካቢኔቱ ላይ አውርደሽ የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጪውና አብሪው። ጩኸቱ ወዲያው ከቀነሰ ከፊሉ ችግር የላላ ብሎን ወይም ካቢኔቱ አብሮ መንቀጥቀጡ ነው። ቀጥሎ ማስተር ቮልዩሙን ዜሮ አድርጊ። ድምፁ የሚመጣው ከስፒከሩ ከሆነ ፋኑን አሥር ጊዜ ብትቀይሪው አይጠፋም። ስፒከሩን ነቅለሽ ማዳመጥ የምትችዪው አምፑ የትራንዚስተር ወይም ክላስ ዲ (ትራንዚስተሮቹን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ የሚሠራ) ከሆነ ብቻ ነው፤ የቫልቭ አምፕ ያለ ስፒከር ከሠራ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ፋኑ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ድምፁ ራሱ ይናገራል። ሲበራ ጮኾ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚለዝብ ከሆነ የቡሽንግ ፋን ነው፣ ማለትም ዘንጉ ኳስ በሌለው ተራ ቀለበት ውስጥ የሚዞር፤ ዘይቱ አልቋል ወይም ረግቷል። ጠጠር እንደሚፈጭ ያለማቋረጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። «ትክ ትክ ትክ» ካለ ሽቦ ምላጩን እየነካው ነው፤ ማሰሪያ ብቻ ይበቃዋል። ሁለት ፋን ባለው አምፕ ላይ ድምፁ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ካለ ሁለቱ ተቀራራቢ ግን እኩል ባልሆነ ፍጥነት እየዞሩ ነው። አታላዩ ግን የነፋስ ፉጨት ነው። ፉጨቱ የሚፈጠረው የብረት ወንፊቱ ለምላጮቹ በጣም ሲቀርብ ነው፤ አዲስ ፋን ብትገጥሚም እዚያው ይጠብቅሻል። መፍትሔው በፋኑና በወንፊቱ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት መፍጠር ወይም ቀጠን ያለ ፋን መምረጥ ነው።

ከመክፈትሽ በፊት አንድ ነገር። ብዙዎቹ ዘመናዊ ቀላል የቤዝ አምፖች ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (ያለ ከባድ ትራንስፎርመር የሚሠራ ኃይል ሰጪ) አላቸው። 230 ቮልት ሲገባባቸው ዋናው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ወደ 325 ቮልት ዲሲ ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይበት ይችላል። ሶኬቱን ንቀዪ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ በመልቲሜትር ለኪ። ከ10 ቮልት በላይ ካነበብሽ 2 ኪሎ ኦም 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አገናኝተሽ ለጥቂት ሰከንድ ያዢበትና እንደገና ለኪ። በካቻቪቴ ማገናኘት ካፓሲተሩንም ካቻቪቴውንም ይጎዳል፤ የሚያይሽ አለቃ ካለ ደግሞ ሙከራው እዚያው አበቃ። ፓወር ሰፕላዩ አካባቢ ያለው ሂት ሲንክም (ሙቀት የሚያስወጣው ባለ ክንፍ ብረት) ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር የተገናኘ ሊሆን ስለሚችል አምፑ በርቶ እያለ አትንኪው።

አሁን ወደ ፋኑ። ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሺ፤ ኮኔክተሩ የተሰካበትን ቦታና የነፋሱን አቅጣጫ በማርከር ምልክት አድርጊ። አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ የሚወጣው ተለጣፊው ወረቀትና ሞተሩን የሚደግፉት ዘንጎች ባሉበት በኩል ነው፤ አንዳንዱ ፋን ጎኑ ላይ ቀስት አለው። ልኩን ስትወስጂ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀትም ለኪ፦ 60 ሚሊ ሜትር ፋን ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ 50፣ 80ው 71.5፣ 92ቱ 82.5፣ 120ው ደግሞ 105 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረቱን አትርሺ። 25 የነበረበት ቦታ 15 ይገባል፤ 15 የነበረበት ግን 25 ስትገጥሚ ክዳኑ አልዘጋም ይልሻል።

ከተለጣፊው ላይ ቮልቱንና አምፔሩን ጻፊ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው፤ ቮልቱን ብቻ አይተው ይገዛሉ። አንዳንድ አምፕ ለፋኑ የራሱ የተረጋጋ 12 ቮልት የለውም፤ ከፍ ካለ መስመር ላይ በሬዚስተር አውርዶ ነው የሚሰጠው። መስመሩ 24 ቮልት፣ ፋኑ 12 ቮልት 0.15 አምፔር ነው እንበል። ሬዚስተሩ 12 ቮልት መጣል ስላለበት 12 ለ0.15 ሲካፈል 80 ኦም ይሆናል፤ ፋብሪካው 82 ኦም ያስገባል። አንቺ አሁን ጸጥታ ፈልገሽ 12 ቮልት 0.05 አምፔር የሚል ፋን ገጠምሽ። ተለጣፊው ላይ ሁለቱም «12 ቮልት» ነው የሚሉት። አዲሱ ፋን የሚወስደው ጅረት ግን ትንሽ በመሆኑ ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው ቮልት ይቀንሳል፤ ፋኑ ወደ 18 ቮልት ይደርሰዋል። መጀመሪያ ከአሮጌው ብሶ ይጮኻል፣ ከዚያ ይሞታል፣ ከዚያ አምፑ ይግላል። ጸጥተኛ ያልሽው ፋን ለምን እንደጮኸ ደንበኛው ሲጠይቅሽ መልሱ ያቺ 82 ኦም ናት።

ስለዚህ አሮጌውን ፋን ሳታወጪ፣ አምፑ በጠፋበት ሰዓት የመልቲሜትሩን ክሊፖች የፋኑ ሁለት ሽቦዎች ላይ ያዢና ከዚያ አብሪው። ቀዝቃዛ ሳለና ከሞቀ በኋላ ያለውን ቮልት ጻፊ። ጥቁሩ ሽቦ ከቻሲው (ከአምፑ የብረት አካል) ጋር አንድ ነው ብለሽ አትገምቺ፤ አንዳንዱ ፋን በሁለት የቮልት መስመሮች መካከል ነው የተገናኘው። ለዚህ ነው ፋኑ ጫፎች ላይ እንጂ ከቻሲው ጋር የማይለካው፤ የኦሲሎስኮፕ መሬት ክሊፕ እዚያ ላይ ማሰርማ ሌላ ብልሽት መጨመር ነው። ቮልቱ ሲሞቅ ከፍ ካለ አምፑ የሙቀት ዳሳሽ አለው፤ አዲሱ ፋን በዝቅተኛው ቮልት መነሳት መቻሉን ማየት አለብሽ። 12 ቮልት ከሆኑት ፋኖች መካከል ከ6 ወይም 7 ቮልት በታች አልነሳም የሚል ብዙ ነው። ሦስተኛ ሽቦ ካለ ደግሞ የፍጥነት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚጠብቅ አምፕ ባለ ሁለት ሽቦ ፋን ሲገጠምለት «ፋኑ ቆሟል» ብሎ ራሱን ይዘጋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ መጣን። በጣም ጸጥ ያለውን ፋን አትግዢ፤ ከአሮጌው ጋር የሚቀራረብ የነፋስ መጠን ካላቸው መካከል ጸጥ ያለውን ግዢ። የነፋሱ መጠን በሲኤፍኤም (ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ) ወይም በሜትር ኩብ በሰዓት ይጻፋል፤ 1 ሲኤፍኤም ወደ 1.7 ሜትር ኩብ በሰዓት ነው። ግፊቱንም እዪ፤ ጠባብ የሂት ሲንክ ክንፎች መካከል ነፋስ የሚያስገባው ግፊቱ ነው። አንድ ዓይነት ፋን ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ነፋሱ በ20 በመቶ፣ ግፊቱ በ36 በመቶ ይወርዳል፤ ድምፁ ደግሞ ወደ 5 ዲሲቤል ይቀንሳል። ጆሮ ይደሰታል፣ ሂት ሲንኩ ይከፍላል። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል እንደሚያጥር ይሰላል። በፋኑ ወረቀት ላይ የተጻፈው ዲሲቤልም ብዙውን ጊዜ የተለካው ከፊቱ ምንም በሌለበት ስለሆነ አምፑ ውስጥ ያን ቁጥር አትጠብቂ። ኩሽኔታ ላይ ስስት አያዋጣም፦ ባለ ኳስ ወይም ባለ ፈሳሽ ኩሽኔታ ምረጪ፤ ተራ ቡሽንግ ሙቀት ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። አሮጌውን ፋን ዘይት ጠብ አድርጎበት መመለስ ይቻላል፤ ግን ለሳምንት የሚሆን ነገር ነው፣ «ጠገንኩ» ብለሽ አታስረክቢው።

መግጠሙ ቀላል ነው፤ ሦስት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ አዲሱ ኮኔክተር ቢገባም እንኳ ቀይና ጥቁሩ በተቃራኒ ጎን ሊሆን ይችላል፤ በፎቶሽና በመልቲሜትር አስተያዪው። ካልተስማማ የአሮጌውን ኮኔክተር ከነሽቦው ቆርጠሽ በካውያ ቀጥዪና በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ አልብሺው። ናስትሮ አይሆንም፤ ሙቀት ሙጫውን ያላላውና ይፈታል። ሁለተኛ፣ ብሎኑን አታንቂው። ያለቅጥ ሲጠብቅ የፋኑ ክፈፍ ይጣመምና ምላጩ ጠርዙን መላስ ይጀምራል። የጎማ መያዣ ወይም የሲሊኮን ሮንዴላ ካለሽ አስገቢ። ሦስተኛ፣ አቧራውን በነፋስ ስታስወጪ ምላጩን በጣትሽ ያዢው፤ በነፋስ ሲሽከረከር ከልኩ በላይ ይፈጥናል፣ ኩሽኔታውን ይጎዳል፣ ቮልትም ያመነጫል።

ከዚያ ፈተናው። ክዳኑን ዝጊ፤ ክዳን የሌለው አምፕ የሙቀት ፈተና አላለፈም፣ ነፋሱ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። አምፑ የሚፈቅደውን የኦም መጠን ያለው የሙከራ ጭነት (በስፒከሩ ፋንታ የሚሰካ ትልቅ ሬዚስተር) ሰክተሽ ከሙሉ ኃይሉ ስምንተኛ እጅ ያህል እያወጣ ለ40 ደቂቃ ይሥራ። ሂት ሲንኩ አጠገብ ባለው ቀዳዳ በኩል ሙቀቱን በየ10 ደቂቃው ጻፊ። ቁጥሩ መውጣቱን አቁሞ ከረጋ ጥሩ። በ40ኛውም ደቂቃ እየወጣ ከሆነ ግን አታስረክቢ፤ መጀመሪያ የነፋሱን አቅጣጫ ፈትሺ፣ በጣም የተለመደው ስህተት እሱ ነው። ተመሳሳዩን ልኬት አሮጌው ፋን ሳይወጣም ወስደሽ ከነበረ ማነጻጸሪያ አለሽ ማለት ነው።

እንግዲህ ሲቪሽ የሚወለደው ከሥራ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ አንድ ገጽ ይሁን፣ ከታች እንዳለው ምሳሌ ያለ፤ ቁጥሮቹ የራስሽ ልኬት ይሆናሉ፦

«ቅሬታ፦ ሲበራ ፋኑ ይጮኻል። ምርመራ፦ ጩኸቱ ከፋኑ ኩሽኔታ፤ ስፒከሩና ቻሲው ነጻ። አሮጌ ፋን፦ 80×80×25 ሚሊ ሜትር፣ 12 ቮልት፣ 0.16 አምፔር፣ ባለ ሁለት ሽቦ። የፋን ቮልት፦ ቀዝቃዛ 7.4፣ ሙቅ 11.8። አዲስ ፋን፦ ተመሳሳይ ልክ፣ 0.15 አምፔር፣ ባለ ኳስ ኩሽኔታ። ሙቀት ከ40 ደቂቃ በኋላ፦ በፊት 53፣ አሁን 52 ዲግሪ። ድምፅ በ1 ሜትር፦ በፊት 47፣ አሁን 39 ዲሲቤል። የተነካ ሌላ ክፍል፦ የለም።»

የመጨረሻዋን መስመር አትዝለያት። ከወር በኋላ አምፑ በሌላ ብልሽት ሲመለስ የምትጠብቅሽ እሷ ናት። ድምፁን በስልክ መለካት ይቻላል፤ ስልክ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጥ ይችላል፣ ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ርቀት ከለካሽ ልዩነቱ ያገለግላል።

ሲቪው ላይ ደግሞ እንዲህ ይግባ፦ «የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር ማቀዝቀዣ ብልሽት መርምሬ ፋኑን ቀይሬአለሁ፤ የፋን ቮልት፣ የሂት ሲንክ ሙቀትና የድምፅ መጠን ከሥራው በፊትና በኋላ ለክቼ በጽሑፍ አስረክቤአለሁ።» «በኦዲዮ ጥገና ሰፊ ልምድ ያላት» የሚለውን ተዪው፤ አንድ አምፕ ሰፊ ልምድ አይሆንም፣ ጠያቂውም ያውቀዋል። ፋን ያለበት መሣሪያ ሁሉ፣ ፕሮጀክተር ይሁን ሰርቨር ወይም ኢንቨርተር፣ ይኸው ልኬት ነው የሚጠይቀው፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ከሙዚቃ ውጭ ላለ ማመልከቻም ያገለግላል።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ከዚህ የበለጠ ጸጥተኛ ፋን አልመረጥሽም?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ስለ ጥራት አታውሪ፤ ወረቀቱን አውጥተሽ የአምፔሩንና የሙቀቱን መስመር አሳዪ። አሮጌውን ፋንም አትጣዪው፤ ተለጣፊው እንዲነበብ በላስቲክ ከረጢት አድርጊና ከአምፑ ጋር አስረክቢ።