ጠይቁን፦ የከተማችን ሙዚየም ቁልፍ ማን ጋ ይሁን?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ የምጽፍልዎ ሰሜን ሸዋ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የከተማችንን ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም እንክፈት ብለን ኮሚቴ ካቋቋምን ቆየን፣ ማዘጋጃ ቤቱ አንድ የድሮ ቤት ሰጠን፣ ሰዉም እግዜር ይስጠው ያለውን አመጣ፣ ጋሻው ጎራዴው ሞሰቡ ግራሞፎኑ የብራና ዳዊቱ ማርትሬዛው ሁሉ ገብቶ ቤቱ ሞልቷል። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ብዙውን ያሰባሰቡት እሳቸው ናቸው፣ ሁሉም ያከብራቸዋል፣ ግን ቁልፉ እሳቸው ጋ፣ መዝገቡ እሳቸው ጋ (መዝገብ ከተባለ፣ የተማሪ ደብተር ነው)፣ ገንዘቡም በሳቸው ስም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ቤተሰብ መጥቶ "አባታችን ለጊዜው ነው የሰጧችሁ፣ ጋሻውን መልሱልን" አለ፣ እኛ ስጦታ መስሎን ነበር፣ ወረቀት የለም። ወረዳው በበኩሉ ወደኔ ይግባ ይላል። እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ሽማግሌውን ማስቀየም አልፈልግም፣ ምን እናድርግ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ እናንተም በርቱ። ያነሳሽው ሶስት አራት ጥያቄ ቢመስልም ምንጩ አንድ ነው፣ እቃው ገባ ወረቀቱ ቀረ፣ በቃ። ይሄ ደግሞ የናንተ ብቻ አይደለም፣ ሙዚየም ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ቤትና የመስታወት ሳጥን ነው፣ መተዳደሪያ ደንብ ምናምን የሚባለው ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ነው ትዝ የሚለው።

ከጋሻው ልጀምር፣ እሱ ጊዜ አይሰጥም። መልሱላቸው። አዎ፣ መልሱላቸው። ስጦታ ለመሆኑ ማስረጃ የላችሁም፣ ተከራክራችሁ ብታሸንፉ እንኳን ወሬው ገበያ ሲደርስ ሌላውም "የኔስ?" ብሎ በራችሁ ላይ ይሰለፋል። ግን እንዲሁ አይወጣም፣ ከፊት ከኋላ ፎቶ ይነሳ፣ ይለካ፣ የሚረከበው ሰው ይፈርም፣ ሲፈርምም ወንድም እህቶቹ መስማማታቸውን አረጋግጡ፣ ውርስ ነዋ፣ ነገ ሌላኛው ልጅ መጥቶ ለማን ሰጣችሁት ቢልስ? እግረ መንገዳችሁን የውሰት ፎርም አዘጋጅታችሁ ጠብቋቸው፣ "ለሶስት አመት አውሱን፣ የአባታችሁ ስም ከስሩ ይጻፋል፣ ስትፈልጉት ሶስት ወር ቀድማችሁ ንገሩን" በሏቸው፣ እኔ ሳየው ሰው የሚፈራው እንዳይካድ ነው፣ ፊርማና ማህተም ካየ እዛው ሊተወው ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚገባው ሁሉ ወይ ስጦታ ነው ወይ ውሰት፣ "ለጊዜው ይቀመጥ" የሚባል ነገር የለም። የሁለቱን ልዩነት ደግሞ ለኛ ማንም አይነግረንም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ቅርሶች በረጅም ጊዜ ውሰት ልስጣችሁ ሲል የራሳችንን እንዴት እንዋሳለን ብለን ተቆጥተን አልነበር እንዴ? የሰፈር ጋሻ ላይ ሲደርስ ግን ረሳነው። ስጦታ ከሆነ ባለቤትነቱ ለሙዚየሙ መተላለፉ በግልጽ ይጻፍ፣ "ሁልጊዜ መሃል ላይ ካልተቀመጠ" የሚል ሰጪ ከመጣ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ውሰት ከሆነ ማለቂያ ቀን ይኑረው፣ አዋሹ ቢሞት ማን እንደሚረከብም ይጻፍ።

መዝገቡን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ እቃ ቁጥር ያስፈልገዋል። 2017.4.2 ካላችሁ በ2017 የገባ፣ የዓመቱ አራተኛ ገቢ፣ ከዛ ውስጥ ሁለተኛው እቃ ማለት ነው፣ ብዙ ሙዚየም የሚጠቀመው እንዲህ ነው። የኛ አገር ተጨማሪ ጣጣ የዘመን አቆጣጠሩ ነው፣ በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ መጀመሪያው ገጽ ላይ ወስናችሁ ጻፉት፣ አለዚያ አንዱ ጸሐፊ በዚህ ሌላው በዚያ ሲሞላ ቆይቶ የቱ ቀድሞ እንደመጣ የሚያውቅ ይጠፋል። "ጋሻ፣ አሮጌ፣ 1" ተብሎ የተጻፈ ደግሞ እንዳልተጻፈ ቁጠሪው። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦ "ክብ ጋሻ፣ የጎሽ ቆዳ፣ ስፋቱ 52 ሳንቲሜትር፣ ቀይ ከፈይ የለበሰ፣ በግራ በኩል ሶስት የብር ጌጥ የጎደለው፣ የውስጥ መያዣው በሽቦ የታሰረ።" ቢሰረቅ ፖሊስ ይሄ ነው ብሎ የሚለየው በሽቦውና በጎደለው ጌጥ ነው። ኦብጀክት አይዲ የሚባል ዓለም አቀፍ ፎርም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፣ ፎቶ፣ ልክ፣ ከምን እንደተሰራ፣ ጽሁፍ ካለበት፣ ልዩ ምልክቱ። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲዘረፍ ሰምተናል፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ መዝገቡም አብሮ ከሄደ ምን እንደጠፋ እንኳን መናገር አይቻልም፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተሩን ገጽ በገጽ በስልክሽ አንሺውና አንዱን ኮፒ ጎግል ድራይቭ ላይ፣ አንዱን ሌላ ከተማ ያለ የምታምኑት ሰው ጋ አስቀምጡ። በቃል ያለ ይረሳል በመጻፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ሽማግሌው። እንዲህ አይነት ሰው ባይኖር ሙዚየሙም አይኖርም ነበር። ሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ብታይ በግላቸው ሲሰበስቡ ኖረው መጀመሪያ መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ አሳዩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ስብስቡ ጀጎል ውስጥ ያለው የራስ ተፈሪ ቤት ገብቶ ይታያል። ግን እሳቸው የራሳቸውን ስብስብ ነው ይዘው የመጡት፣ እናንተ ጋ ያለው የሰው አደራ ነው፣ የሰው አደራ ደግሞ በአንድ ሰው ኪስ አይዞርም፣ ያ ሰው የፈለገውን ያህል ጻድቅ ቢሆን። እንደውም ነገ አንድ ማርትሬዛ ቢጎድል ስማቸው የሚነሳው የሳቸው ነው፣ ስታስረጂያቸው ከዚህ ጀምሪ።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጠቅላላ ጉባኤው አምስት ወይም ሰባት ሰው ያለበት ቦርድ ይምረጥ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ይወሰን፣ ቦርዱ በጀትና ደንብ ያጽድቅ፣ ምን እንደምትቀበሉና ምን እንደማትቀበሉ ይወስን (ሁሉን የሚቀበል መጋዘን ነው የሚሆነው፣ አስረኛውን ሞሰብ ምን ታደርጉታላችሁ?)፣ የእለት ስራውን ሥራ አስኪያጁ ይስራ፣ ቦርዱ ጠዋት ጠዋት እየመጣ መጥረጊያው የት አለ እንዳይል። መምህሩ የስብስቡ ኃላፊ ይሁኑ፣ የእያንዳንዱን እቃ ታሪክ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ገንዘቡ በሙዚየሙ ስም ባንክ ይግባ፣ በጥምር ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ የእቃ ክፍሉ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ሁለት የተለያየ ሰው ጋ። ይሄን ስብሰባ ላይ ድንገት እንዳታነሺው አደራ፣ ቀድመሽ ቤታቸው ሄደሽ፣ የሚያከብሩት ሰው ይዘሽ፣ ሃሳቡን ራሳቸው እንዲያቀርቡት አድርጊ። ሌላው፣ የቦርድ አባል የሆነ ሰው ጎን ለጎን ለራሱ ቅርስ የሚሰበስብ ከሆነ ያሳውቅ፣ ከሙዚየሙ የሚወጣ እቃም ለሱ አይሸጥም፣ የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብም አይፈቅድለትም። ደሞዝ ለመክፈል እቃ መሸጥማ በህልማችሁም አይምጣ።

የወረዳውን ጥያቄ ቶሎ እምቢ አትበሉ፣ ቶሎ እሺም አትበሉ። ሞዴል 19 (የመንግስት ንብረት መቀበያ ደረሰኝ) ተቆርጦ ከገባ በመንግስት ንብረትነት ይመዘገባል፣ ውሰት የሆኑትን እንዴት አድርጋችሁ ትመልሳላችሁ? የሚሻለው በማህበርነት ተመዝግባችሁ ከወረዳው ጋር ስምምነት መፈራረም ነው፣ ቤቱ ለስንት አመት፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግነው ማን፣ ጥበቃውን የሚቀጥረው ማን። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ከአንድ ክልል በላይ ለሚሰሩት ነው፣ እናንተ በክልላችሁ ትመዘገባላችሁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 ቅርስ በግለሰብም እጅ እንዲኖር ይፈቅዳል፣ ግን ምዝገባና ጥበቃ ግዴታ አለው፣ ቅርስ መነገድም ክልክል ነው፣ ስለዚህ ከዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጋር ተገናኙ። በነገራችን ላይ ጎራዴ እንዳለ ነገርሽኝ፣ ውጅግራ ወይም ምንሽር የሚባል የድሮ ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ካለ ግን ፖሊስ ሳያውቅ አታስገቡ።

ጥያቄ፦ የአያቴን የድሮ ፎቶዎች ለሰፈራችን ሙዚየም ልሰጥ ነው፣ እንዳይበላሹ ላሚኔት ላስደርጋቸው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በፍጹም እንዳታደርገው ወንድሜ፣ ላሚኔት ሙቀትና ሙጫ ነው፣ አንዴ ከገባ አይወጣም። ስኮችም አትለጥፍ። በንጹህ ደረቅ እጅ ጠርዙን ይዘህ ለየብቻ በንጹህ ነጭ ወረቀት ጠቅልላቸው፣ ሙዚየሙም ኦሪጅናሉን መስኮት ፊት እንዳይሰቅለው ንገራቸው፣ ለግድግዳው ኮፒ ይበቃል። ከጀርባው በእስክሪፕቶ አይጻፍም፣ በእርሳስ ቀስ ብለህ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳና ዓመቱን ጻፍ፣ ስም የሌለው ፎቶ ለነሱም ራስ ምታት ነው። የማታውቀው ፊት ካለ ከመስጠትህ በፊት ቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቅ፣ ኔጌቲቩ ከተገኘም አብረህ ስጣቸው።