የቴክኒክ ጥያቄና መልስ፦ «ወደ ላይ እሰማለሁ» ብዬ ስጠራ ሁሉም ለምን ጠፉ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ፈቃድ ያለኝ የአማተር ራዲዮ ተጠቃሚ ስሆን አዘውትሬ የምሠራው በ14 ሜጋኸርዝ በድምፅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በ14.195 ላይ ጥሪ ባሰማ ከጣሊያን፣ ከስፔንና ከሩሲያ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ስለመለሱልኝ የአንዱንም የጥሪ ምልክት (የጣቢያ መለያ) ለይቼ መስማት አቃተኝ። በዚህ ሥራ የቆዩ አንድ ወዳጄ «ስፕሊት ተጫንና ከ5 ወደ ላይ እሰማለሁ በል» ብለው መከሩኝ፤ በአንድ ሞገድ እየተናገርኩ 5 ኪሎኸርዝ ከፍ ባለ ሌላ ሞገድ እንድሰማ ማለታቸው ነው። እኔም ሁለተኛውን ቪ.ኤፍ.ኦ. (የሞገድ መምረጫ) 14.200 ላይ አድርጌ፣ ስፕሊት ተጭኜ ጠራሁ፤ ጭራሽ ሁሉም ጠፉ። ይህንኑ አቀማመጥ በሜሞሪ ይዤው የነበረ ቢሆንም በማግሥቱ ስከፍተው ስፕሊቱ የለም። ችግሩ የራዲዮው ነው ወይስ የእኔ? በሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋም በሜሞሪ ያስቀመጥኩት ሁሉ እንዳይጠፋ እሠጋለሁ።

መልስ፦ ራዲዮዎ ደኅና ነው፤ የተገላበጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። ስፕሊት ሲበራ በአብዛኞቹ ትራንሲቨሮች (መናገሪያና መስሚያ በአንድነት የያዙ ራዲዮዎች) ቪ.ኤፍ.ኦ. ኤ የመስሚያ፣ ቪ.ኤፍ.ኦ. ቢ ደግሞ የመናገሪያ ሞገድ ይሆናል። እርስዎ ኤን በ14.195 ትተው ቢን ወደ 14.200 ስላወጡት በ14.200 ይናገሩና በ14.195 ይሰሙ ነበር ማለት ነው። በ14.195 ድምፅዎን ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች በድንገት ዝም ያሉባቸው ስለመሰላቸው ሄዱ፤ ምናልባት በ14.200 ላይ የነበረ ሌላ ሰውም ሳያስቡት ረብሸው ይሆናል።

ይህ ስሕተት የሚመጣው ከመመሪያ መጻሕፍቱ አጻጻፍ ይመስለኛል። የመመሪያዎቹ ምሳሌ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው ብርቅ ጣቢያ አሳድዶ ለሚጠራው ሰው ነው፤ እርሱ በ14.195 ይሰማል፣ በ14.200 ይጠራል። በኢ.ቲ. የሚጀምር የጥሪ ምልክት ይዞ ከጣና ዳር የሚናገር ሰው ግን አሳዳጅ ሳይሆን ተሳዳጅ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚሰማው ጣቢያ ጥቂት በመሆኑ ጥሪዎን የሰማ ሁሉ ይረባረብብዎታል። ስለዚህ ከመመሪያው የሚያነቡትን ምሳሌ ገልብጠው መሥራት ይኖርብዎታል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በኤ 14.195ን ይያዙ፤ ሞገዱ አለመያዙን አዳምጠውና ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ከ14.200 እስከ 14.205 ያለውንም ቀስ ብለው እየዞሩ ያዳምጡ፣ ምክንያቱም ሰዎችን ወደዚያ የሚጋብዙት እርስዎ ነዎት። ከዚያ «ኤ=ቢ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ይህ ቁልፍ ሞገዱን ብቻ ሳይሆን የአሠራር ዓይነቱንም ከኤ ወደ ቢ ስለሚቀዳ ቢ ከቀድሞ ሥራ የቀረ ኤል.ኤስ.ቢ. (በ14 ሜጋኸርዝ የማይሠራበት የድምፅ አሠራር) ይዞ እንዳይጠብቅዎት ያደርጋል። ቀጥለው ስፕሊትን ያብሩ፤ በመጨረሻም ዋናውን መዘውር ይዘው ኤን ወደ 14.200 ያውጡት፤ ቢ ባለበት ይቆያል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የማይክሮፎኑን ቁልፍ አንድ ጊዜ ጫን ሲያደርጉ በመስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር ወደ 14.195 መለወጥ፣ ሲለቁት ደግሞ ወደ 14.200 መመለስ አለበት። እንዲህ ካላደረገ አንዲት ቃል እንኳ ሳይናገሩ ያቁሙ።

አንዱ የድምፅ ሥርጭት ከ3 ኪሎኸርዝ በታች ስፋት ስላለው የ5 ኪሎኸርዝ ርቀት ድምፅዎን ከጠሪዎቹ ጫጫታ በደንብ ይለየዋል፤ በሞርስ ሲሆን 1 ወይም 2 ኪሎኸርዝ ይበቃል። «ከ5 እስከ 10 ወደ ላይ» የሚለውን ማስታወቂያ በየግንኙነቱ መጨረሻ ይድገሙት፤ ጥቂት ጊዜ ዘንግተው ካለፉ፣ አዲስ የመጡት በራስዎ ሞገድ ላይ መጮኽ ይጀምራሉ። የሚያዳምጡበትን የሞገድ ስፋት ግን ያለ ልክ አይለጥጡት። ስፕሊት ለአንድ ሰው ሥራ የሁለት ሰው ቦታ የሚይዝ አሠራር ስለሆነ የሚጠሩዎት አምስት ስድስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ አጥፍተውት በአንድ ሞገድ ቢሠሩ ጨዋነት ነው። በሚያዳምጡበት ስፋት ውስጥም አንድ ቦታ ተተክለው አይቅሩ፤ ልምድ ያላቸው ጠሪዎች መጨረሻ የመለሱለት ሰው የነበረበትን ቦታ ፈልገው እዚያው ይከማቻሉ፤ ከእያንዳንዱ ግንኙነት በኋላ መዘውሩን ትንሽ ወደ ላይ ከገፉት ግን አካሄድዎን ተረድተው ራሳቸው ይበታተናሉ። ጠሪዎቹን በጥሪ ምልክታቸው ውስጥ ባለው ቁጥር ተራ እያስያዙ መጥራትም አለ፤ ከዜሮ የጀመሩትን እስከ 9 ካላደረሱ ቅሬታው ብዙ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ስፕሊት ከጠሪዎች ግርግር በተጨማሪ የአገሮች ድንበር የማይገጥም ሲሆንም ያገለግላል። በ7 ሜጋኸርዝ የእኛ ዓለም አቀፍ የራዲዮ ክልል (አፍሪካና አውሮፓ ያሉበት) አማተሮች እስከ 7.200 ድረስ መሥራት የቻሉት ከመጋቢት 2009 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ወሰናችን 7.100 ስለነበረ በድምፅ ከዚያ በላይ የሚሠሩትን የአሜሪካ ጣቢያዎች ማግኘት የሚቻለው እኛ ከታች፣ እነርሱ ከላይ እየተናገርን ነበር። ዛሬም በ14 ሜጋኸርዝ አሜሪካኖች በድምፅ እንዲሠሩ የሚፈቀድላቸው ከ14.150 ጀምሮ ስለሆነ፣ እርስዎ ከዚያ በታች ሆነው ከጠሩ የማዳመጫ ቦታዎን ከ14.150 በላይ ካላደረጉት ሰምተውዎትም መመለስ አይችሉም።

ወደ ሜሞሪው ስንመጣ፣ ራዲዮዎች በዚህ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ በሚጽፉበት ጊዜ ስፕሊት በርቶ ከሆነ ሁለቱንም ቪ.ኤፍ.ኦ. ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹ የሚታየውን ብቻ ነው የሚይዙት፤ ሁለት ሞገድ የሚይዙ የሜሞሪ ቁጥሮችን ለይተው ያስቀመጡም አሉ፤ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከመመሪያው የሜሞሪ ምዕራፍ ይመልከቱ። ይይዛል ቢባልም፣ ሜሞሪ ላይ እንዳሉ መዘውሩን ቢያዞሩ ለውጡ ጊዜያዊ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ቀይረው ሲመለሱ ራዲዮው መጀመሪያ የተጻፈውን ያመጣል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ከሜሞሪ ወደ ቪ.ኤፍ.ኦ. የሚያዛውረውን ቁልፍ ይጠቀሙ።

በእኔ አስተያየት ግን የግርግር ስፕሊትን በሜሞሪ መያዝ እምብዛም አይጠቅምም፤ ነገ 14.195 በሌላ ሰው ተይዞ ያገኙታልና። ሜሞሪ የሚጠቅመው ለማይንቀሳቀሱ ሞገዶች ነው። 14.100፣ 18.110፣ 21.150፣ 24.930 እና 28.200ን በተከታታይ አምስት ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ፤ በእነዚህ ሞገዶች ላይ 18 ዓለም አቀፍ መለኪያ ጣቢያዎች በየተራ 10 ሰከንድ እየላኩ በ3 ደቂቃ አንድ ዙር ይጨርሳሉ። የኬንያውን ብቻ ሰምተው የሌሎቹን ካጡ፣ ያን ዕለት በዚያ ሞገድ ሩቅ አገር ለመጥራት መድከም አያስፈልግም። ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት የተለዩትን 7.110 እና 14.300ንም አብረው ይያዙ።

ስለ መብራቱ አይሥጉ። የቅርብ ዘመን ራዲዮዎች ሜሞሪ ያለ ኤሌክትሪክም ስለሚቆይ ሶኬቱ ለወራት ቢነቀል እንኳ አይጠፋም። በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ የተሠራ ራዲዮ ከሆነ ግን ሜሞሪውን የሚጠብቀው በውስጡ ያለ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ነው፤ እርሱ ሲደክም ያስቀመጡት ሁሉ ይሰረዛል። በአንዳንዶቹ የዚያ ዘመን ራዲዮዎች የመሥሪያ ፕሮግራሙ ራሱ የሚኖረው በዚሁ ባትሪ ስለሆነ፣ ባትሪው የሚለወጠው ኃይል ሳይቋረጥ በባለሙያ እጅ መሆን አለበት።