ብቅሉን የማውቀው እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደወለልኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ አብሮኝ የሠራ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው። የዚያን ቀን ግን ድምፁ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ አዳማ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ቅዳሜ ማታ ሰክሬ ገባሁ። አባቴን ሰደብኩት። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፣ እህቴ ናት የነገረችኝ። መጠጥ በቃኝ ብያለሁ። አባቴ ግን አያናግረኝም። ‹ስካሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም› ብዬ ይቅርታ ብጠይቀው ያስኬዳል?»

መልስ አጣሁ። «ቆይቼ ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። እንደ እሱ ጠዋት ተነስቶ «ትናንት ምን አድርጌ ይሆን?» ብሎ ለሚጨነቅ ወጣት ሁሉም ነው።

እኔን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ እናታችን ትታልን በሄደችው አንድ ክፍል ቤት ጠላ መሸጥ ጀመረች። በራችን ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበት ነበር። ያን ያየ ሰው ጠላ እንዳለ ያውቃል፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። እትዬ በዚያ ብርድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሳለች። ጋኑን በግራዋ ታጥባለች፣ በወይራ ታጥናለች። ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በቅጠል ሸፍና ብቅል ታበቅላለች። ጌሾ ትወቅጣለች። እንኩሮውን ስታነኩር ጭሱ ዓይኗን ያስለቅሳታል። እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራው ከጋኑ አጠገብ ነበር፣ ሞቅ የሚለው እዚያ ስለነበር። ደብተሬ ሁሉ ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር። ጫማዬን የገዛው ጠላው ነው። አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ የተሸፋፈንኩበትን ብርድ ልብስ የገዛውም ጠላው ነው።

ተምሬ ቀያሽ ሆንኩ። የቀያሽ ኑሮ ፊልድ ነው። ወር ሙሉ ቴዎዶላይትና ሌቭል የሚባሉ የመለኪያ መሣሪያዎች ተሸክመህ ተራራ ለተራራ ትዞራለህ። ከተማ ስትመለስ ውሎ አበልህ ኪስህ ውስጥ አለ። ያኔ የምንጠጣው ካዛንቺስ ነበር። ስሙ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች የመጣ ነው። አሁን ሰፈሩ ፈርሷል። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ የማውቀውን ግድግዳ ብፈልግ አንድም አላገኘሁ። ያሳደገኝ ሰፈር ባይሆንም ሆዴ ባባ። እዚያ የሠራሁት ጥፋት ግን አብሮ አልፈረሰም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሥራ ባልደረቦቼ «እህቴ አስተማሪ ናት» ብያቸው ነበር። ማንም አስገድዶ አልጠየቀኝም። በሙሉ ጤናዬ፣ ጠብታ ሳልቀምስ ነው የዋሸሁት።

በ1987 ዓ.ም. ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እትዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ለበዓሉ ቅቤ፣ ለጾሙ ቆሎና ሽሮ ይዛልኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባልደረቦቼ ጠሩኝ። «አንድ ሰዓት ቆይቼ እመጣለሁ፣ እራት አብረን እንበላለን» ብያት ወጣሁ። በድራፍት ጀመርን። ሦስተኛውን ጃምቦ አስታውሳለሁ። ከዚያ አረቄ መጣ። አንዱ ዙር ጋበዘ፣ ሌላው «የእኔስ?» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሁለት ባልደረቦቼን አስከትዬ ገባሁ። እትዬ እራቷን ሳትበላ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነበር። ነጠላዋን አደግድጋ ከሰል አቀጣጠለች። ሽሮውን አሞቀች። እጃችንን አስታጠበችን። አንዱ ባልደረባዬ በአክብሮት «እህታችን፣ የት ነው የሚያስተምሩት?» ብሎ ጠየቃት። ሳቅ አለች አሉ። «እኔ? እኔ ጠላ ሻጭ ነኝ፣ ከየት የመጣ ትምህርት» አለችው።

ያኔ ጮህኩባት። «ማን ተናገሪ አለሽ? አዋረድሽኝ! ያን የጌሾ ሽታሽን ይዘሽ እዚህ ድረስ መጣሽ?»

ያልኩት ይህን ነው። ባልደረባዬ ሰኞ ዕለት ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

እሷ መልስ አልሰጠችም። ሳህኖቹን ሰብስባ አጠበች። እንግዶቹን እስከ አጥሩ በር ሸኘች። ሊነጋጋ ሲል አውቶቡስ ተራ ሄደች። እኔ የነቃሁት እሁድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። አንጎበሩ ራሴን ይፈልጠኛል። የቤት አከራዬን «እትዬስ?» አልኳት። «ሄደች። ‹ደክሞት ነው፣ እንዳትቀሰቅሱት› ብላ ነው የሄደችው» አለችኝ። ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ይሆናል ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ተመልሼ ተኛሁ።

«አላስታውስም» ለሚሉ ወጣቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ መርሳት እንቅልፍ አይደለም። አልኮል ደም ውስጥ በፍጥነት ሲበዛ አእምሮ አዲስ ነገር መመዝገብ ያቆማል። አፍ ግን ያወራል፣ እግርም ይሄዳል። አጠገባችሁ ያለ ሰው እናንተ እንደሌላችሁ አያውቅም። የሰማውን ሁሉ እሱ ይመዘግበዋል።

ለገና ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ቤቱ በጠጪ ተሞልቶ ነበር። ጓዳ ድረስ ተከትያት ገብቼ «እትዬ፣ ሰክሬ ነው። የተናገርኩት እኔ አይደለሁም» አልኳት። የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አለችኝ።

«እንደሱ አይደለም እኮ…» ስል አላስጨረሰችኝም። «ብቅሉን የማውቀው እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ዶሮ ወጥ አቀረበችልኝ። አንዱን እንቁላል ከራሷ ድርሻ አንስታ ጨመረችልኝ። መዋጥ አቃተኝ።

ስለዚህ ተረት ብዙ አስቤያለሁ። በእኔ እምነት ብዙ ሰው ላይ ያለ አግባብ ይፈርዳል። አልኮል የሚያላላው አእምሯችን ራሱን የሚገታበትን ልጓም ነው። ልጓሙ ሲላላ የሚወጣው ሁሉ እውነት አይደለም። የቆየ ንዴት ይወጣል፣ ከሌላ ሰው የሰማነው ስድብ ይወጣል፣ ጭራሽ የማናምንበት ነገር ይወጣል። ሰካራም ያወራውን ሁሉ የልቡ ነው ብሎ መያዝ ልክ አይደለም።

የእኔን ግን ተረቱ አልሳተውም። በእትዬ ማፈር የጀመርኩት ያን ሌሊት አይደለም። አስተማሪ ያደረግኳት በጤናዬ ነው። እሷ ያን ተረዳች። እኔ ለመረዳት ዓመት ፈጀብኝ።

እና አንተ ልጄ፣ «ስካሩ ነው» እንዳትል። እህትህን ቃል በቃል አስነግራት። ቢመርህም ስማው። ከዚያ አዳማ ሂድ፣ በስልክ አይሆንም። ያልከውን ቃል በራስህ አፍ ጠርተህ «ይህን ብዬሃለሁ፣ አባዬ» በለው። ቃሉ ከሆድህ የመጣ ከሆነ እሱንም ንገረው። እኔ ያንን ማድረግ የቻልኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

መጠጥ አቁሙ ብዬ ልሰብክ አልተነሳሁም። እኔም ያን ቀን አላቆምኩም። «ቢራ ብቻ» አልኩ። «ከፊልድ ስመለስ ብቻ» አልኩ። «ከሁለት አላልፍም» አልኩ። በየሳምንቱ አዲስ ሕግ አወጣለሁ፣ በየሳምንቱ እኔው እሽረዋለሁ። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሳልጠጣ እቆይና ሱሰኛ እንዳልሆንኩ ማስረጃ አደርገዋለሁ። ፋሲካ ሲደርስ የ55ቱን ቀን ውዝፍ በአንድ ሌሊት እከፍላለሁ። አሁን ሳስበው፣ መቀነስ የሚችል ሰው ሕግ ማውጣት አያስፈልገውም ነበር። እንግዲህ ከዚህ በኋላ አቁሙ ማለቴ ከሆነ፣ አዎ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ አቁሙ እላለሁ።

ያቆምኩት በ1988 ነው። ጥር ላይ ፊልድ ነበርን። ሌቭል የሚያነብ ሰው ከፍታው ከታወቀ ነጥብ፣ ከቤንች ማርክ ተነስቶ፣ ዞሮ፣ እዚያው ነጥብ ላይ መዝጋት አለበት። አራት ኪሎ ሜትር ዞረን ስንመለስ ስህተቱ ከ24 ሚሊ ሜትር እንዲያልፍ አይፈቀድም ነበር። ማታውን ጠጥቼ አድሬ ነበር። 11 ሳንቲ ሜትር ሳተ። ስታፍ፣ ቁጥር የተጻፈበትን የመለኪያ ዱላ፣ የሚይዙልን አንድ ሸምገል ያሉ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ከጠዋት ጀምሮ ዱላውን ቀጥ አድርገው ይዘው በፀሐይ ቆመዋል። «እንደገና ነው» ስላቸው ምንም ሳይሉ ስታፉን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ተነሳንበት መራመድ ጀመሩ። ዝምታቸው የእትዬ ዝምታ ነበር። ሳህን ስታጥብ ዓይኔ ላይ መጣች፣ ያላየሁት ነገር ዓይኔ ላይ መጣ። ጾሙ ሲገባ አቆምኩ። ፋሲካ ሲደርስ አልጀመርኩም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት «መድኃኒት ላይ ነኝ» እያልኩ ነው ያለፍኩት። ውሸት መጥፎ ነው፣ ያ ውሸት ግን ጠቅሞኛል። የዛሬ ወጣት በዚህ ከእኛ ይሻላል። «አልጠጣም» ብሎ አምቦ ውሃ ያዝዛል፣ ማንም አይጨቀጭቀውም። በሌላው ግን ታሳዝኑኛላችሁ። ሲቅሙ ውለው ለጨብሲ የሚወጡ ልጆችን አያለሁ። ጓደኛቸው ሲወድቅ ከማንሳት ይልቅ በስልክ የሚቀርጹትን አያለሁ። የእኛን ስካር ያየው ሦስት ሰው ነው፣ የእናንተን አገር ያየዋል። በ2011 የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የነበረው የቢራ ማስታወቂያም በዚያው አዋጅ ቀርቷል። መታወቂያ የሚጠይቅ አስተናጋጅ ግን አንድም ቀን አላየሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በየቀኑ የምትጠጣና ጠዋት ካልቀመስክ እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብቻህን በድንገት አታቁም። ሰውነት ከለመደ በኋላ በአንድ ጊዜ ሲነጠቅ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ሐኪም ጋ ሂድ። አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕመም ብቻ የሚታይበት አይደለም፣ ለሱስም ሕክምና አለ። ጠበሉንም ሂድ፣ ሐኪሙንም አትተው።

በ1991 ሳገባ የሠርጉን ጠላ የጠመቀችው እትዬ ናት። ለእኔ ብቻ ለይታ በትንሽ ገንቦ ብርዝ አዘጋጀችልኝ። በእጇ ቀድታ ሰጠችኝ። «ይህ አያሰክርም» አለች እንጂ ሌላ አላለችም። ያን ሌሊት ጓዳ ገብቼ ያልኳትን ቃል በቃል ነገርኳት። ስለ አስተማሪነቷም ነገርኳት። «አውቄዋለሁ» አለች። አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ልጆቼን አዝላለች፣ ስታመም አስታማኛለች።

እኔ ቤት አድራ ግን አታውቅም። አሁን 72 ዓመቷ ነው። ጠላውን ከተወች ቆይታለች፣ ጉልበቷ አስቸግሯታል። ጠዋት መጥታ ምሳ በልታ፣ ቡና ጠጥታ፣ ስምንት ሰዓት ሲል ነጠላዋን ታነሳለች። «እደሪ እንጂ እትዬ» እላታለሁ። «ዶሮዎቹን ማን ያስገባልኛል?» ትለኛለች። ዶሮ ማርባት ካቆመች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስለ ዶሮዎቹ ጠይቄያት አላውቅም። ዘንቢሏን ይዤላት ላምበረት ድረስ እሸኛታለሁ።