«ለምስክርነት ብቻ» ተብሎ ለተጠራ ሰው፦ በእኔ የደረሰው

እህቴ፣ ወንድምዎ ከሚሠራበት መጋዘን ዕቃ ጠፍቶ ፖሊስ ጣቢያ «ለምስክርነት ብቻ» መጠራቱን ጽፈው፣ ቃሉን ሰጥቶ ቢፈርም ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ መጋዘን ስኳር በጎደለ ጊዜ በዚሁ አጠራር ተጠርቼ ስለነበር ልመልስልዎ።

አንደኛ፣ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት የሚጠየቀው በምስክርነት ይሁን በተጠርጣሪነት ይጠይቅ፤ መልሱም በቃል መቀበያው ላይ ይስፈርለት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ይደነግጋል፤ ምስክር ለተባለ ሰው ግን ይህን የሚያስታውሰው አላየሁም። እኔ በተከሰስሁበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በቁጥር 30 ምስክር እውነቱን እንዲመልስ ቢያስገድድም፣ መልሱ እርሱኑ የሚያስከስሰው ከሆነ እንዳይመልስ ይፈቅድለታል። ይህን ያወቅሁት ከፈረምሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳያነብ አይፈርም። እኔ ማንበብ አቅቶኝ አልነበረም። መርማሪው ከረፋድ ጀምሮ በረንዳ ላይ አስቀምጦኝ፣ በዚያ ሙቀት ውኃ እንኳ ሳልቀምስ 9 ሰዓት ላይ ጠራኝና፣ ወረቀቱን ልየው ስለው «ጠበቃ ነህ እንዴ?» ብሎ ባልደረቦቹን አሳቀብኝ፤ አፍሬ ፈረምሁ። «ቁልፉ በእኔና በሒሳብ ሠራተኛው እጅ ነበር» ያልሁት «ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ያቺ የተዘለለች ሐረግ ሥራዬን አሳጣችኝ።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲለኝ፣ ጠበቃዬ ራሱ ቅጣቱ ቀላል ነውና ተወው አለኝ፤ አልተውሁም። ይግባኜን ያየው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ መርማሪው አስቀድሞ እኔን ጠርጥሮ ሳለ ምስክር ብሎ መጠየቁንና መብቴን አለመንገሩን አይቶ ቃሉን ውድቅ አደረገው፤ ሌላ ማስረጃም ስላልነበረ በነጻ አሰናበተኝ። የፍርዱን ግልባጭ እስከ ዛሬ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ አሠሪዬ ግን ሊያየው እንኳ አልፈለገም።

የወንድምዎም ጉዳይ የቁልፍ ጉዳይ መሆኑ አይቀርም። ቁልፉ በስንት ሰው እጅ እንደነበረ በወረቀቱ ላይ በዓይኑ ሳያይ እስክሪብቶውን አያንሣ።