መልስ፦ «አንተን አይመለከትህም» ተብሎ ለተመለሰው አቤቱታ

አንድ ባትሪ ቤት ወንዝ ውስጥ አሲድ ይደፋል ብለህ ያቀረብከውን አቤቱታ በመመለሱ ቀበሌው ተሳስቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው አቤት ማለት ይችላል ይላል። የግል ጉዳት ማሳየት አይጠበቅብህም። ባትሪ ቤቱ አሲዱን ቀሃ ወንዝ ሲደፋ ማየትህ ይበቃል።

አሁን አቤቱታህን በጽሑፍ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስገባ። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ፤ ፎቶ አያይዝ። ቅጂህ ላይ የገቢ ማህተምና ቀን ሳታስመታ እንዳትወጣ። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡህ፣ ወይም ውሳኔው ካልተዋጠልህ፣ ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ።

«ውሃውን አፍልተን ብንጠቀምስ?» ላልከው፦ አይሆንም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ከባትሪው የሚወጣውን እርሳስ (መርዛማ ብረት ነው) አያጠፋም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ እኛ ሰፈር የደረሰ ነው። ለናሙና የመጡት ባለሙያዎች ውሃ ብቻ ቀድተው ሄዱ። እርሳስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከደለሉ ጋር ይተኛል። ላይኛው ውሃ ንጹህ መስሎ ወጣ፣ ፋይሉም ተዘጋ። ስለዚህ ከፍሳሹ መውጫ፣ ከሱ በላይና በታች፣ ጭቃውም ጭምር እንዲወሰድ አቤቱታው ላይ በግልጽ ጠይቅ። ክረምት ሳይገባ ቢሆን ይሻላል፤ ጎርፍ ከመጣ ጭቃውን ጠርጎት ይሄዳል።