ጥያቄና መልስ፦ ግምገማ መንግሥትን የሚያስተምረው መቼ ነው?

በጅማና በአካባቢዋ የሚኖሩ አንባቢያን ስለ አየር ንብረት ፖሊሲዎች ግምገማ ከላኳቸው ጥያቄዎች ለአራቱ መልስ ሰጥቻለሁ።

«በየክረምቱ በቀበሌያችን ስንት ችግኝ እንደተተከለ ሪፖርት እናደርጋለን። ይህ ግምገማ ይባላል?» (የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ጎማ ወረዳ)

ክትትል እንጂ ግምገማ አይባልም። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ ጎልቶ የሚነገረው የተከላው ቁጥር ነው። ግምገማ የሚጀምረው ግን ምን ያህሉ ጸደቀ፣ የደረቀውስ በምን ምክንያት ደረቀ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ጉድጓዱ ዘግይቶ መቆፈሩ፣ ዝርያው ለቦታው አለመስማማቱ ወይም ከብት መግባቱ ተለይቶ ካልተመዘገበ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ምንም የሚታረምበት መሠረት አይኖረውም።

«አንድ ፖሊሲ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር በምን ይታወቃል?» (ተማሪ፣ ጅማ)

በንጽጽር ይታወቃል፤ ጥሩ ምሳሌውም እዚሁ ዞናችን ውስጥ አለ። በበለጤ ጌራ ደን ገበሬዎች በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የደን አስተዳደር ማኅበራት አቋቁመው፣ የደን ቡናቸው የተፈጥሮ ጥበቃ ማረጋገጫ አግኝቶ በተሻለ ዋጋ እንዲሸጥ ተደርጎ ነበር። ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስሎችን ተጠቅመው ሲያነጻጽሩ፣ የማረጋገጫው ተጠቃሚ የሆነው ደን ቡና ከሌለበት ደን ይልቅ የመመንጠር ዕድሉ ያነሰ ሆኖ አገኙት፤ ቡና እያለው ማረጋገጫ ያልደረሰው ደን ግን ቡና ከሌለበት ደን ጉልህ ልዩነት አልታየበትም። ቡና ባለበት ደን አይነካም ብለን በልበ ሙሉነት የምንናገር ሁሉ ይህን ግኝት ልናጤነው ይገባል። በእኔ እምነት ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለው መረጃ ከማንኛውም የችግኝ ቁጥር ይበልጣል።

«መንግሥታት ከግምገማ በእርግጥ ይማራሉ?» (መምህር፣ አጋሮ)

መልስ የመስጠት ግዴታ ሲኖርባቸው የመማር ዕድላቸው ይሰፋል። የብሪታንያ የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ (2008 እ.ኤ.አ.) ነጻ ኮሚቴ በየዓመቱ ለፓርላማ ሪፖርት እንዲያቀርብ፣ መንግሥትም መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህም ብቻውን አልበቃም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቤት ኃይል ቁጠባ ብድር ፈላጊ አጥቶ ከቆመ በኋላ የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ድክመቱን ዘርዝሮ ቢያሳይም፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የመጣው የቤት እድሳት ድጎማ በጥድፊያ ተዘጋጅቶ በ6 ወር ውስጥ ተዘግቷል።

«የፓሪስ ስምምነት አገራችንን ይገመግማታል?» (ነጋዴ፣ ጅማ)

ይህ ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ስምምነት ዕቅዷ በቂ መሆኑን በተናጠል አይመዝንም። አገራት በየጊዜው ሪፖርት ያቀርባሉ፤ በየ5 ዓመቱ የሚካሄደው፣ የመጀመሪያውም በ2023 እ.ኤ.አ. ዱባይ ላይ የተጠናቀቀው ግምገማ ግን የሚመለከተው የሁሉንም ድምር ነው። የአገራችንን ዕቅድ በዝርዝር የመመርመሩ ሥራ ስለዚህ የራሳችን ምክር ቤቶች ነው፤ እርስዎም ለወረዳ ተወካይዎ «ካለፈው ግምገማ በኋላ የተቀየረው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ።